ስድስትን ሰባት ያነበቡት ሰው

ኡስታ ዘውዱ መሞታቸውን የነገረኝ በሪሁን ነው። አብደራፊ ነበርሁ፤ የአንድ እርሻ ትራክተር የኋላ ጎማ ፈንድቶ ሜዳ ላይ ተንበርክኬ እታገለዋለሁ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ «ምን ፈለግህ?» አልሁት። «ኡስታ አረፉ። ጎንደር ሆስፒታል፣ ዛሬ ጧት» አለኝ። በሪሁን የጋራዣችን በያጅ ነው፤ ሲቀልድ እንጂ ሲያለቅስ ሰምቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሌላ ሰው የደወለ መሰለኝ።

እንዲህ ሲባል ሰው «ነፍስ ይማር» ይላል። እኔ መጀመሪያ ያልሁት እሱን አይደለም። ከአፌ አልወጣም እንጂ በሆዴ ያልሁት «እፎይ» ነው።

ከዚህ የጀመርሁት ማሳመር ስለማልወድ ነው። ማንበብና መጻፍ የተማርሁት ጢሜ ሽበት ካወጣ በኋላ ነው። ጋራዥ ውስጥ ላሉት ሁሉ ግን «ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያቋረጥሁት» ብዬ ነበር የነገርኋቸው። ውሸቴን የሚያውቅ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ኡስታ ዘውዱ። እሳቸው ከሞቱ ምሥጢሬም አብሯቸው ተቀበረ ማለት ነው። የትራክተሩን ጎማ እያጠበቅሁ ያሰብሁት ይህንን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

«ኡስታ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሱዳን ሾፌሮች ናቸው፤ በእነሱ ቋንቋ ባለሙያ እንደ ማለት ነው። ጋራዣቸው መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ኬላው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ነው። አጭር ሰው ነበሩ፤ እጃቸው ግን የሌላ ሰው እጅ ተውሰው የመጡ ይመስል ትልቅ ነው። የመጣውን መኪና ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። ከዚያ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ትኩሳት እንደሚለካ ሐኪም። ሾፌሩ «ኧረ ኡስታ፣ ጭነቴ ሊበላሽብኝ ነው፣ ኬላው ሊዘጋብኝ ነው» እያለ ሲቁነጠነጥ «ረጋ በል፤ ብረት እኮ ነው» ይላሉ። ሌላ ምክር አልነበራቸውም። ሚስቱ ጥላው ለሄደች ሰውም፣ ሞተሩ ለነከሰበት ሰውም አንድ ናት፤ «ረጋ በል፤ ብረት እኮ ነው»።

እኔ እሳቸው ዘንድ ስገባ ከሰው ጋር ተጣልቼ የጨረስሁ ሰው ነበርሁ። ከወሎ የወረድሁት ሰሊጥ ላጭድ ነው፤ ኮኪት ሁለት ዓመት ሳሉግ፣ የወቅት ቀን ሠራተኛ፣ ሆኜ አጨድሁ። ከዚያ ድንበር ተሻግሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ፣ ጆንያ ተሸከምሁ። ተመልሼ አብደራፊ አንድ መጋዘን ውስጥ ገባሁ። እዚያ አንድ ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ወረቀት ሰጥቶ «እዚህ ላይ የተጻፈውን ጫን» አለኝ። ወረቀቱን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ገምቼ ጫንሁ። ያልሆነውን ጫንሁ። ሰውየው ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበና ወረቀቱን በምራቁ አርሶ ግንባሬ ላይ ለጠፈው። «አሁንስ ቀረበልህ? አሁን አንብበው!» አለ። ሰው ሳቀ። ፍርፍር ብሎ የሳቀውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ሳይ ግንባሬ ይረጥባል።

ስለዚህ መተማ ስደርስ ወረቀት የሌለበት ሥራ ፈለግሁ። ጎማ ክብ ነው፤ ጎማ ምን ይነበብበታል ብዬ ጎማ መፍታትና መግጠም ያዝሁ። ለካ ጎማ እንደ መጽሐፍ የተጻፈበት ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን ኡስታ አንድ ፒክአፕ ሥር ተኝተው «ይመር፣ የዚያን ጎማ ቁጥር አንብብልኝ» አሉኝ።

ጎንበስ አልሁ። በጨርቅ ጠረግሁት። እንደገና ጠረግሁት። ከዚህ በላይ የሚጠረግ ነገር አልነበረም።

«ዓይኔን አሞኛል ኡስታ» አልሁ። «ፀሐዩ ነው መሰለኝ።»

ከመኪናው ሥር ወጥተው አዩኝ። ብዙ አላዩኝም። ዘይት የነካ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና «የእኔም ዓይን እየደከመ ነው» አሉ። ከዚያ አጨበጨቡ።

«ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ቁጥር በጆሮ ነው። ጎማ የሚያቀብል ሰው ቁጥሩን ጮኾ ይጥራ። የሚቀበለው ደግሞ የሰማውን ይመልስና 'ገባ' ይበል። ሳይጮኽ ጎማ የሚነካ እጁን ሰብስቦ ወደ ቤቱ!»

«ኡስታ፣ ይኸ ጋራዥ ነው የፍየል ገበያ?» አለ በሪሁን።

«የፍየል ገበያ ነው። ያቺን ጎማ አቀብልና ጩኽ።»

በሪሁንም አንገቱን እንደ ዶሮ አስግጎ «ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት! ሰባ! አሥራ ስድስት!» ብሎ ጮኸ። እኔም «ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፣ ሰባ፣ አሥራ ስድስት፣ ገባ!» አልሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ኖርን። ከተማው «ጩኸት ጋራዥ» አለን። የጉምሩክ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ «ገባ!» እያሉ ያሾፉብናል። እኔ በሆዴ የኡስታን ዓይን እመርቅ ነበር። ባይደክም ኖሮ አልቄ ነበር። ቁጥሩን እሰማለሁ፣ ጎማውን በስንዝሬ እለካለሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ጭንቅላቴ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጎማ በማወቅ ከእኔ የሚበልጥ መተማ ውስጥ እስኪጠፋ ደረስሁ። ጎማ ላይ ከሚጻፈው ግን አንዲት ቁጥር በዓይኔ አላውቅም።

በሪሁን በዚያ ሁሉ ዓመት ያልቀለደብኝ ነገር የለም። በራሴ መመለጥ፣ በወሎ አነጋገሬ፣ ሚስቴ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ በምትቋጥርልኝ ሽሮ፣ በሁሉም ቀልዷል። እኔም መልሼ እሰድበዋለሁ። እንዲህ ስንነታረክ ነው የአሜሪካኗ መኪና የመጣችው።

ወዲያ ማዶ ሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ነው። ሰው በእግሩም፣ በአህያም፣ በአውቶቡስም ይሻገር ነበር። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት በአስፋልት ላይ እየሄደ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማንና ሁላችንም ወጣን። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ኋላዋ አጭር፣ ጥቁር አረንጓዴ መኪና ናት። ሞተሯ ስምንት ፒስተን ነው። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። አካሏ የእባብ ሆኖ እግሯ ግን የግመል ነው፤ ሆዷ ከመሬት ርቆ፣ የጭቃ ጎማ ተገጥሞላት ተንጠልጥላለች። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ወረዱ። ወረዱ ከማለት ዘለሉ ብል ይሻላል።

«ያ ኡስታ» አሉ፤ ሐጂ ኢድሪስ ይባላሉ፤ ጎንደር ብዙ ዓመት ስለነገዱ አማርኛ ይችላሉ፣ ሴትና ወንዱን ብቻ ያቀላቅላሉ። «ይሄ መኪና ቆሟል። እኔ እንዲቀመጥ ነው የምፈልገው።»

«ወንበር እናምጣላት?» አለ በሪሁን።

«ዝም በል» አሉት ኡስታ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መዞር ጀምረዋል።

ነገሩ ይህ ነው። ሐጂ ከካርቱም ሲሸሹ መንገዱ ተዘግቶ በእርሻ መሃል ማለፍ ነበረባቸው። የወንድማቸው ልጅ የመኪናዋን ሞላ አውጥቶ የፒክአፕ ሞላ ከተተ፤ ከኋላም ባሌስትራው ላይ፣ ጭነት በሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ላይ፣ ሁለት ቅጠል ብረት ጨመረበት። ከፍ ስትል ቦዩንም ጉቶውንም አለፈች፤ ነፍሳቸውን አተረፈች። አሁን ልጃቸው እሑድ ጎንደር ላይ ልትዳር ነው። ሟች እናቷም በሠርጓ ቀን የተሞሸረችው በዚህችው መኪና ነበር።

«ልጄ ቀሚሱን ሰብስቦ እንደ ሰሊጥ መኪና ይውጣ?» አሉ ሐጂ። «ወላሂ አይሆንም። አራት ጣት አውርድልኝ።»

ኡስታ ሦስተኛውን ዙር ጨርሰው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። «ሦስት» አሉ።

«አራት ነው የነበረው!»

«የነበረው ካርቱም ነው ሐጂ። አስፋልቱም የካርቱም ነው። ከዚህ ጎንደር ያለውን መንገድ ያውቁታል። አራት ካወረድሁ ነጋዴ ባሕር ከተማ ሳይደርሱ ሆዷ ይቀደዳል። ሦስት።»

ሐጂ ሰማይ ሰማይ አዩና «ኸላስ፣ ሦስት» አሉ።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። መኪናዋ ቅዳሜ ጧት መነሳት አለባት። በሪሁን የብየዳውን እሳት አነሳና «ኡስታ፣ ለምን እንደክማለን? ሞላውን ትንሽ ባሞቀው በራሱ ቁጭ ይላል፤ አምስት ደቂቃ» አለ። ኡስታ ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እሳቱን ከእጁ ተቀብለው አጠፉት።

«በእሳት የወረደ ሞላ መቆሚያ የለውም። ዛሬ ሦስት ጣት ይወርዳል፣ ነገ ጎንደር ላይ ከሙሽራዋ ጋር መሬት ይቀመጣል። እኛ ዝቅ እናድርጋት ተባልን እንጂ እንጣላት አልተባልንም።»

ይህቺን ንግግር ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። አብደራፊ ግንባሬ ላይ ወረቀት የለጠፈው ሰውዬ ዝቅ ያደረገኝ መስሎት ነበር። እሱ የጣለኝ ነው።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ከኋላ የተጨመሩትን ሁለት ቅጠሎች አወጣን። ለፊቱ ልኩ የሆነ ሞላ መተማ ውስጥ ስለማይገኝ ኡስታ ከአሮጌ ብረታቸው ክምር ቀጠን ያለ ጥንድ ሞላ ፈልገው አመጡና ከእያንዳንዱ አንድ ዙር በብረት መጋዝ ቆረጡ። በእጅ ነው የቆረጡት፤ ብረቱ እንዳይግል እኔ በጣሳ ውኃ አፈስበታለሁ። ሲደክማቸው እኔ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ውኃ ያፈሳሉ። ሁለቱን ሞላ ጎን ለጎን አቁመው በጥፍራቸው ለኩ። ከዚያ ሞላውን የሚያረጋጉትን አሞርዛተሮች በአጭር ቀየርን፤ ረጅሙ ከቀረ ታች ይመታል። በመጨረሻ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ሲባጎ ወጥረው መሪው ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይናቸው እያጨነቆሩ አዩ። ያኔ አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ። ዓይኑ የደከመ ሰው ሲባጎ አይቶ የክር ውፍረት የምታክል ጥመት እንዴት ያገኛል? አልጠረጠርሁም። ሰው የሚጠቅመውን ውሸት አይመረምርም።

መኪናዋን ከክሪኩ ስናወርዳት ተቀመጠች። ሌላ ቃል የለውም። እንደ ትልቅ ሰው ኡፍ ብላ ተቀመጠች። ሐጂ ዓይናቸውን በጀለቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ግን የጭቃ ጎማዎቹ ወዲያው ፓራፋንጎውን ነኩ፤ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ከላይ ያለውን ቆርቆሮ ይፍቃል። እንዲህ ሆና ብትሄድ ጎማው መንገድ ላይ ተቀዶ ሙሽራዋ ገደል ትገባለች። አጭር ጎማ ያስፈልጋል።

ጎማ ጎን ላይ ከሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች መካከለኛው የጎኑን ቁመት ነው የሚናገረው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ያጥራል። ኡስታ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ አሰሉና «ስልሳ አምስት» አሉ። «ሰባ ከሆነ ይነካል። ስልሳ አምስት ከሆነ በጣት ያልፋል።» ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ለሐጂ ሰጧቸው፤ ሐጂ ኬላውን ተሻግረው ገላባት ካለ አንድ ጎማ ነጋዴ ሊያዙ ሄዱ። ወረቀት ሲጻፍ ፊቴን ማዞር ልማዴ ስለነበር ምን እንደተጻፈ አላየሁም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራቱ ጎማዎች በጋሪ መጡ። አዲስ ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች በቢጫ ወረቀት ተጠቅልለዋል። ወረቀቱ ላይ በወፍራም ቀለም ሁለት ምልክት ብቻ አለ።

«ወረቀቱን ማንም እንዳይነካ!» አሉ ኡስታ። «ከተቀደደ ነጋዴው አይመልስም።» ጎንበስ አሉና አነበቡ። ፊታቸው ጠቆረ። እንደ ሕጋችን ጮኹ፤ «ሰባ!»

ከመኪናዋ ወዲያ የቆሙት ሐጂ ወረቀቱን ሳያዩ፣ ጩኸቱን ብቻ ሰምተው ጭንቅላታቸውን ያዙ። በሪሁን መዶሻውን ጣለ። ኬላው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቢቀረው ነው፤ ጎማው ቢመለስ ሌላው የሚመጣው ሰኞ ነው፤ ሠርጉ እሑድ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ምክንያቱም ተቀባዩ እኔ ነኝ። «ሰባ፣ ገባ!» ማለት አለብኝ።

እኔ ግን ምልክቶቹን አያቸዋለሁ። ٦٥ ይላል። እነዚህን አውቃቸዋለሁ። ገዳሪፍ ጆንያ ስሸከም ቆጣሪው በየክምሩ ላይ በከሰል የሚጽፋቸው ናቸው፤ እያየኋቸው በጀርባዬ የተማርኋቸው ናቸው። ይኸ ስልሳ አምስት ነው። የዐረቡ ስድስት እኛ የምንጽፈውን ሰባት እንደሚመስል፣ አምስቱም ክብ ስለሆነ ከዜሮ እንደሚምታታ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ኡስታ ተሳስተዋል።

«ይመር» አሉ ኡስታ። «ሰባ ብያለሁ።»

ሰው ፊት ቁጥር አንብቤ አላውቅም። «ይኸ ስልሳ አምስት ነው» ብል «ታዲያ ያንንም አንብበው፣ ይህንንም አንብበው» ይመጣል፤ ከዚያ ወረቀቱ ግንባሬ ላይ ይለጠፋል። ዝም ብል ደግሞ ጎማው ይመለሳል፣ የአንዲት እናት የሌላት ልጅ ሠርግ ይበላሻል። ላብ ግንባሬን ሲያረጥበው ይሰማኛል።

«ጋሪውን አዙረው በቃ» አሉ ኡስታ ለባለጋሪው።

ያኔ ከኪሴ ሴንጢዬን አወጣሁና የመጀመሪያውን ጎማ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅሁት።

«አንተ እብድ!» አለ በሪሁን። ሐጂ በዐረብኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልገባኝም። ጎማው ላይ የተረፈውን ወረቀት እየላጥሁ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ከሥራም ከከተማም እወጣለሁ።

ኡስታ ብቻ አልጮኹም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና «ረጋ በል፤ ወረቀት እኮ ነው» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጎማው ጎን ላይ በርጋታ አነበቡ፤ «ሁለት መቶ አሥራ አምስት። ስልሳ… አምስት። አሥራ አምስት።»

በሪሁን አንገቱን አስግጎ የጎማውን ጎን አየ።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ» አልሁ፤ ድምፄ የእኔ አልነበረም።

ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ዛሬ እዚህ ማንበብ ያቃተው ሰው እኔ ነኝ» አሉ። «ስድስትን ሰባት አነበብሁ። ይመር ባይኖር ጉድ ሆኜ ነበር።» ሐጂ መጥተው ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ። የሚያስጠላኝ ነገር ቢኖር የወንድ ጢም ነው፤ ያን ቀን ግን ቆሜ ተሳምሁ።

ጎማዎቹን ገጠምን። ኡስታ የጎማዎቹን ጠርዝ ኖራ ቀቡት፤ ፓራፋንጎውን ከነካ ነጭ ምልክት ይተዋል። ከዚያ «ክብደት ግቡ!» አሉ። ሐጂ፣ እኔ፣ በሪሁን ገባን፤ ዛፉ ሥር ሻይ የምታፈላውን ዘነቡንም ጠሯት።

«ዘነቡ ከገባች መኪናዋ ሳትሆን መተማ ነው ዝቅ የሚለው» አለ በሪሁን። ዘነቡ በብርጭቆ መወልወያዋ ፊቱን ከገረፈችው በኋላ ገባች። ኡስታ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ጉድጓድ ላይ አወጡ፣ አወረዱ። ወርደን በየፓራፋንጎው ሥር ጭንቅላታችንን ከተትን። ጥቁር ነው። አንዲት ነጭ ነጥብ የለችም። አንድ ጣት ባዶ ቦታ አለ። ያን ያህል የቀለለኝ ቀን አላስታውስም።

ማታ ሁሉም ሲሄድ ኡስታ አስቀሩኝ። «ዐረብኛውን ቁጥር ታነባለህ» አሉኝ።

መካድ ሰለቸኝ። «እሱን ብቻ ነው» አልሁ።

«እንግዲህ ግማሽ መንገድ ሄደሃል። የቀረህ ግማሹ ነው። ነገ ምሳ ሰዓት ከጎማው ክምር ጀርባ እንገናኝ።»

እንዲህ ነው የተማርሁት። አንድ ጎማ አንድ ፊደል ነው። ሰባቱን ቤት በጎማው ዙሪያ በጠመኔ ይጽፏቸዋል፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብዬ እያነበብሁ ጎማውን በእጄ አዞራለሁ፤ ሆ ላይ ስደርስ ሀ ተመልሶ ይመጣል። ያቃተኝ ፊደል ላይ ጎማውን አስቆማለሁ፤ እስክጠራው ድረስ አይዞርም። ዝናብ ሲመጣ ያጥበዋል፤ እንደገና ይጽፋሉ። በአንድ ክረምት ሠላሳ ሦስት ጎማ ጨረስሁ። ስጨርስ «ጎበዝ» አላሉኝም። የጋራዡን መዝገብ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡና ወደ መኪና ሥራቸው ተመለሱ።

ሊመሰገኑ የሚገባቸው ሰው ናቸው እንግዲህ፣ ሞታቸውን ስሰማ እፎይ ያልሁባቸው።

ከአብደራፊ ስመለስ ለቅሶው መተማ ቤታቸው ተቀምጧል። ባለቤታቸው እትየ ጥሩነሽ አጠገብ ተቀመጥሁ። «ምስኪን፤ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ስንቱን ሠሩ» አልሁ።

እትየ ጥሩነሽ ቀና አሉ። «የማን ዓይን ነው የደከመ?»

«የኡስታ ነዋ።»

«አንተ ልጅ ምን ነካህ? ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ የነጠላዬ ጥለት ቢተረተር መርፌና ክር አምጪ ብሎ የሰፋልኝ እሱ ነው። ክሩን ያለ መነጽር በአንድ ጊዜ ነው ያስገባው። ሰውነቱ ከዳው እንጂ ዓይኑማ ዓይን ነበር።»

ቀስ ብዬ ወደ በሪሁን ዞርሁ። ቀና ብሎ አያየኝም። ከድንኳኑ ጎትቼ አወጣሁት።

«ታውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«እንዳታደርቀኝ።»

በሪሁን አፍንጫውን ጠረገ። «ጩኸቱ የጀመረ ቀን፣ አንተ ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ ሰበሰቡን። 'በዚህ ነገር የሚስቅ ሰው መፍቻውን ይዞ ይውጣ' አሉን። ደግሞ ጎማ ዙሪያ ሀሁ ተጽፎ እያየን ምን የምናስብ መስሎህ ነበር? ጎማው ቄስ ትምህርት ቤት ገባ ብለን?»

«ዘጠኝ ዓመት በሁሉም ነገር ስትቀልድብኝ…»

«በሌላው መቀለድ አልከለከሉኝማ።»

ልመታው ፈለግሁ። እጄን ያነሳሁ ይመስለኛል። ያኔ ያ የወፍጮ ቤት ድምፅ መጣ። አረንጓዴዋ መኪና ናት፤ ዝቅ ብላ፣ ተቀምጣ፣ ከጎንደር። ሐጂ ኢድሪስ ወርደው አቀፉን፤ አለቀሱ። ከዚያ ከመኪናዋ ሰነዶች መካከል አንድ የተጣጠፈ ቁራጭ ወረቀት አወጡ። «የኡስታ እጅ ነው» አሉ። «ልጄ በሠላም ሲገባ አልጣልሁትም፤ አስቀመጥሁት።»

ተቀበልሁት። ጎማውን ሊያዙ ሲሄዱ ኡስታ የጻፉላቸው ወረቀት ነው። ለገላባቱ ነጋዴ እንዲገባው ቁጥሩ ሁሉ በዐረብኛ ነው የተጻፈው፤ ቀጥ ያለ፣ ያማረ። መሃሉ ላይ ٦٥ ይላል። ስድስትን ሰባት ያነበቡት ሰው ከአንድ ቀን በፊት ያንኑ ስድስት በገዛ እጃቸው ጽፈውታል። ገዳሪፍ ጆንያ ስሸከም መኖሬን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን የነገርኋቸው እኔ ነኝ።

«ሐጂ» አልሁ፤ «ወረቀቱ ከተቀደደ ጎማ አይመለስም የሚል ሕግ እናንተ ዘንድ አለ?»

«የምን ሕግ? ወረቀቱን ቀዶ ጎማውን ሳያይ ማን ይገዛል?»

ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ሳቅሁ። ሴቶቹ ከድንኳኑ ዞረው አዩኝ፤ አንዱ ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ ነውር ነው» አሉኝ። ማቆም አቃተኝ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ያኔ ሁሉም ተረጋጉ፤ ደንቡ ነው። እኔ ግን እያለቀስሁም ከላዬ ላይ የሆነ ነገር ሲወርድልኝ ይሰማኝ ነበር። ለካ የምሸሽገው ነገር አልነበረም። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጋራዥ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮኽ የኖረው ለእኔ ነው። ምሥጢሬን የሚያውቅ ሰው ሞተልኝ ብዬ ካገኘሁት እፎይታ፣ ሁሉም ያውቅ ነበር ሲሉኝ ያገኘሁት ይበልጣል። ይህን ሁሉ አሁን በራሴ እጅ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

ጩኸት ጋራዥ አሁንም አለ። ባለፈው ወር ከቋራ የመጣ አንድ ጠና ያለ ሰው ጎማ ልሥራ ብሎ ገባ። እጁ ጥሩ ነው። በሁለተኛው ቀን የአንድ ጎማ ቁጥር ጠየቅሁት። ጎንበስ አለ፤ በጨርቅ ጠረገው፤ እንደገና ጠረገው።

«ዓይኔን አሞኛል ወንድሜ» አለኝ። «አቧራው ነው መሰለኝ።»

«የእኔም ደክሟል» አልሁት። በሪሁን ብየዳውን አቁሞ በጥቁሩ መነጽር ውስጥ አየኝ፤ አልሳቀም። ጎማውን አነሳሁና ኬላው ድረስ እስኪሰማ ጮኽሁ።

ሰውየው ትንሽ ግራ ተጋባ። ከዚያ የሰማውን መልሶ፣ ሳል ሳል እያደረገው፣ «ገባ» አለ።

ይህን ጽሑፍ ገና አያነበውም። አንድ ቀን ሲያነበው ይሰድበኝ ይሆናል። ይስደበኝ።